የግሪንሃውስ ዕድሜና የነጋዴው ሒሳብ

በጎንደር ከተማ የቅዳሜ ገበያን የአትክልት ተራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በበጋ ማብቂያ በየሣጥኑ ሞልቶ የሚታየው ቲማቲም ክረምቱ ከገባ በኋላ ይሳሳል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ከተማውን የሚመግቡት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርቱት በመስኖ፣ በደረቁ ወራት ነው። ዝናቡ ሲጀምር የፎገራ ሜዳ ሩዝ ይዘራበታል፤ በሌላውም ስፍራ ቢሆን እርጥበቱ የቲማቲሙን ቅጠል አጥቁሮ የሚያበሰብስ የሻጋታ በሽታ ስለሚያመጣ ገበሬው ደፍሮ አይተክልም። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ጤነኛ ቲማቲም ይዞ ወደ ገበያ የሚቀርብ ሰው ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

ይህን ያስተዋለ ነጋዴ ያጠራቀመውን ገንዘብ በግሪንሃውስ፣ በተለምዶ ላስቲክ ቤት በሚባለው የአትክልት ማሳደጊያ ላይ ለማዋል ቢያስብ የሚያስገርም አይሆንም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አንዱ ሠሪ የባሕር ዛፍ አጠና አቁሞ ላስቲክ ለማልበስ በርካሽ ይዋዋላል፤ ሁለተኛው በከተማው ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ የተሠራ ቤት ያቀርባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የሚመጣ፣ በብሎን የሚገጣጠም ቤት በሥዕል እያሳየ «ሃያ ዓመት ይቆያል» ይላል። ዋጋቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ነጋዴ የሱቅ ዕቃ ሲገዛ ቢሳሳት ኪሣራው በዓመቱ ይካካስለት ይሆናል፤ በዚህ ግን የተሳሳተ እንደ ሆነ ጥሪቱ በመሬት ላይ እንደ ቆመ ይዝጋል፤ አለዚያም ይበሰብሳል።

ከምርጫው አስቀድሞ ጣራው ለምን እንደሚፈለግ ማወቅ ያስፈልጋል። በሆላንድና በመሰል የሰሜን አውሮፓ አገሮች ግሪንሃውስ የሚሠራው ብርድን ለመከላከልና ሙቀትን ለመያዝ ነው፤ ስለዚህም በመስተዋት ይሸፈናል፣ በማሞቂያም ይሞቃል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ የምትገኝ፣ ቀኗ ለብ ያለ፣ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ይህም ዝናብ በአመዛኙ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ለእርሷ ጣራው ከሁሉ አስቀድሞ ጃንጥላ ነው። ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለ ሆነች በበጋው ሌሊት ውርጭ ይሠለጥናል፤ እዚያ ጃንጥላው ካቦርትም መሆን አለበት።

እንግዲህ ለጎንደር አርአያ የሚሆናት ከሆላንድ ይልቅ ሆለታ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በፍጥነት የተስፋፉት የኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎች በሆለታ፣ በሰበታና በሱሉልታ ደጋ የቆሙት በአብዛኛው ማሞቂያ በሌላቸው፣ በዚንክ በተለበጠ ብረት ተሠርተው ላስቲክ በለበሱ፣ በጣራቸው ላይ መተንፈሻ ባላቸው ቤቶች ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት ለጎንደርና ለወገራ አየር ትቀርባለች። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምትባለው፣ ወደ 1,640 ሜትር ዝቅ ያለች ሞቃት ስፍራ ስለ ሆነች ከዚያ የመጣን ዕቅድ እንዳለ ወደ ደባርቅ መውሰድ አይበጅም።

ወደ ዕድሜው ነገር ሲመጣ፣ ሻጩ «ሃያ ዓመት» ሲል የሚናገረው ስለ ቤቱ አጽም፣ ማለት ስለ ቋሚውና ስለ ማገሩ ብቻ ነው። የሚለብሰው ላስቲክ ሌላ ዕድሜ አለው፤ ይኸውም ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ነጋዴው ለባንክ የሚከፍለው ዕዳ ደግሞ ሦስተኛ ዕድሜ አለው። እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ የገዛ ሰው ዕዳውን ሳይጨርስ ቤቱ ይወድቅበታል፤ ወይም ቤቱ እንደ ቆመ የሚያለብሰው ላስቲክ መግዣ ያጣል።

የባሕር ዛፉ ቤት በንቀት ሊታይ አይገባውም። በኬንያና በኢኳዶር ብዙ ጽጌረዳ የበቀለው በእንጨት በቆመ ላስቲክ ቤት ነው። በጎንደር ዙሪያ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ አናጺም አይጠፋም፤ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልገውም። ነገር ግን አጠና አስቀድሞ የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ነው፤ የግሪንሃውስ ወለል ደግሞ ዓመት ሙሉ ውሃ ስለሚጠጣ ይህ ስፍራ አይደርቅም። ምስጥ ባለበት ቆላ ቀመስ አገር ሲሆን ዕድሜው ይበልጥ ያጥራል። ሥሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ጥቂት ይረዳል፤ ቋሚውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በኮንክሪት እግር ላይ በብረት ቁራጭ ማሰር ግን ከዘይቱ በብዙ ይሻላል። ይህም ሁሉ ተደርጎ፣ የእንጨት ቤት ከ5 ዓመት በኋላ ያለ ከባድ ጥገና ይቆማል ብሎ ማስላት ድፍረት ነው። በዚህ ላይ እንጨቱ ወፍራም ስለ ሆነ በተክሉ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ሻካራነቱና ምስማሩም ላስቲኩን ይበላዋል።

በብየዳ ቤት የሚሠራው የቱቦላሬ ቤት በመልኩ ከውጭ ከሚመጣው አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው በሦስተኛው ክረምት ነው። ጥቁሩ ቱቦላሬ የሚጠበቀው በቀለም ብቻ ሲሆን፣ በግሪንሃውስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ከላስቲኩ ሥር የሚንጠባጠበው ጤዛ ቀለም በተላጠበት ሁሉ ይገባል። ጋልቫናይዝ የሆነ ቱቦ ቢገዛም ችግሩ አይወገድም፤ የብየዳው እሳት ዚንኩን ያቃጥለዋልና። ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ክብደቱ ሁሉ በሚያርፍበት በመገጣጠሚያው ላይ ይሆናል። (ከዚንኩ የሚወጣው ጢስ በያጁን ራሱን በትኩሳት የሚጥል መርዝ መሆኑን ብዙ ባለ ብየዳ ቤቶች ያውቁታል፤ አሠሪዎቻቸው ግን አያውቁትም።) በየዓመቱ የሽቦ ብሩሽና ቀለም ይዞ የሚዞር ታማኝ ሠራተኛ ካለ እንዲህ ያለው ቤት ወደ አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ከሌለ ግን ከባሕር ዛፉ ብዙም አይሻልም።

የተሻለ መንገድ አለ። ብየዳ ቤቱ በዚንክ የተለበጠውን ቱቦ እንዲቆርጥና እንዲበሳ ብቻ ተደርጎ፣ መገጣጠሙ በብሎንና በማቀፊያ ቢሆን ዚንኩ አይቃጠልም፤ ሥራውም በጎንደር ባለሙያ እጅ ይቀራል። የተቆረጠው አፍና የተበሳው ቀዳዳ ዚንክ ባለበት ቀለም ይቀባል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የቱቦውን ግድግዳ በካሊፐር ማስለካት ይገባዋል፤ 2 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ቱቦ 1.5 ሆኖ ቢገኝ የቀነሰው ሩብ ሚዛን የቤቱ ጉልበት ነውና።

ከውጭ የሚመጣው ቤት በወረቀቱ ይመረመራል። ሻጩ «ጋልቫናይዝ ነው» ቢል አይበቃም፤ ስንት ዚንክ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ በላሜራነቱ ተለብጦ የሚወጣ ብረት ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለበት ይባላል፤ ይህ ቁጥር የሁለቱን ፊት ድምር ስለሚናገር በአንዱ ፊት ላይ የሚገኘው ውፍረት 20 ማይክሮን ያህል ነው። ተቆርጦና ተበስቶ ካለቀ በኋላ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከር ብረት ግን፣ ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በአማካይ 55 ማይክሮን ይለብሳል፤ የተቆረጠው አፍና የቀዳዳው ውስጥም አብሮ ይሸፈናል። በደረቅ የገጠር አየር ዚንክ በዓመት ከ1 ማይክሮን በታች ሲበላ፣ እርጥበትና የተክል መድኃኒት ባለበት ቤት ውስጥ ይበልጥ ይበላል። እንግዲህ 20ውና 55ቱ ማይክሮን ለነጋዴው ዓመታት ናቸው ማለት ነው። በአውሮፓ ኢ.ኤን. 13031 የሚባለው የግሪንሃውስ ደንብ ቤቶችን የሚመድበው በታቀደላቸው የአገልግሎት ዘመን ሲሆን ከምድቦቹ አንዱ የ15 ዓመት ነው። ሻጩ ቤቱ በየትኛው ምድብ፣ ለየትኛው የነፋስ ፍጥነት እንደ ተሰላ በጽሑፍ ለመስጠት ካመነታ፣ «ሃያ ዓመት» ያለውን እንደ ምኞት መቁጠር ይገባል።

አሁን ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ለምሳሌ ያህል የአንድ ቤት የእንጨት አጽም 1 ሚሊዮን ብር፣ የብረቱ ደግሞ 3 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። እንጨቱ 5 ዓመት፣ ብረቱ 20 ዓመት ይቆያል። በተራ ማካፈል እንጨቱ በዓመት 200,000 ብር፣ ብረቱ 150,000 ብር ስለሚያስወጣ ብረቱ የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ የተበደረ ቢሆንና ወለዱ በዓመት 15 ከመቶ ቢሆን፣ ወለድና ዋናው ተደምሮ በየዓመቱ እኩል የሚከፈለው ለእንጨቱ 298,000 ብር ገደማ፣ ለብረቱ 479,000 ብር ገደማ ይሆናል። በዚህኛው ሒሳብ እንጨቱ ረታ። የብረት ሻጮች ይህን ሒሳብ ለገዢ አያሳዩም።

ነገር ግን ይህም ሒሳብ ሙሉ አይደለም፤ ሁለተኛው የእንጨት ቤት በመጀመሪያው ዋጋ አይሠራምና። የዕቃና የጉልበት ዋጋ በዓመት 15 ከመቶ የሚጨምር ቢሆን፣ በ1 ሚሊዮን ብር የቆመው ቤት በ5ኛው ዓመት 2 ሚሊዮን፣ በ10ኛው 4 ሚሊዮን፣ በ15ኛው ከ8 ሚሊዮን ብር በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ እንጨቱን የመረጠ ሰው ዓመታዊ ክፍያው ከ298,000 ተነሥቶ በ6ኛው ዓመት ወደ 600,000፣ በ11ኛው ወደ 1.2 ሚሊዮን፣ በ16ኛው ወደ 2.4 ሚሊዮን ብር ይወጣል። ወለዱ በማይለወጥ ውል ብረቱን የገዛው ግን እስከ መጨረሻው ያንኑ 479,000 ብር ይከፍላል። መንገዱ የሚለያየው በስድስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሥራውን ሊተው ለሚችል፣ መሬቱን በአጭር ኪራይ ለያዘ፣ ወይም ገበያውን ገና ለሚሞክር ሰው ባሕር ዛፉ ትክክለኛ ምርጫ ነው። በአንድ ስፍራ ለልጆቹ ጭምር ለሚተክል ግን ብረቱ ይበጀዋል፤ የውሉ ወለድ የማይለወጥ መሆኑን ግን ከመፈረሙ በፊት ማረጋገጥ አለበት።

የ15 ከመቶው ግምት ደግሞ የተጋነነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 ከመቶ በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት ብረቱን አስገብቶ ያቆመ ሰው ንብረቱ በብር ሲተመን አደገለት፤ ላስቲኩን ለማደስ ተራው የደረሰበት ግን ለዚያው ጥቅልል እጥፍ ያህል ብር አስፈለገው።

ስለዚህ የረጅም ጊዜ ገዢ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሊጠይቅበት የሚገባው ስለ ላስቲኩ ነው፤ ብረቱ አንድ ጊዜ ሲገዛ ላስቲኩ በ20 ዓመት ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይገዛልና። ለብቻው የቆመ የ1,000 ካሬ ሜትር ቤት ከነግድግዳው ወደ 1,500 ካሬ ሜትር ላስቲክ ሊለብስ ይችላል፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ቤቶች የጋራ ግድግዳ ስለሌላቸው በካሬ ሜትር የሚለብሱት ያንሳል። ለንግድ የሚሆነው ላስቲክ የፀሐይ መከላከያ መድኃኒት የተቀላቀለበት፣ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ነው። ውፍረቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የቅመም ሚዛን ግን ይለየዋል። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 200 ማይክሮን ላስቲክ 184 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 138 ግራም ከመዘነ የተሸጠው ባለ 150 ነው።

የፀሐይ መርዛም ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የአራት ዓመት ዋስትና በደባርቅ አራት ዓመት ላይሆን ይችላል። ዋስትናው ለምን ያህል የፀሐይ ጨረር እንደ ተሰጠ ማስጻፍ ተገቢ ነው። ላስቲኩን የሚያስረጀው ግን ፀሐይ ብቻ አይደለም። በጽጌረዳና በአትክልት ላይ የሚወርደውን ነጭ የዱቄት መሰል በሽታ ለማጥፋት የሚረጨው ወይም የሚጤሰው ድኝ በላስቲኩ ውስጥ ያለውን መከላከያ ያመክነዋል፤ ብዙ ዋስትናም በዚሁ ምክንያት ይሰረዛል። ላስቲኩ የጋለውን ብረት በሚነካበት መስመር ሁሉ ቀድሞ ስለሚሰነጠቅ ያን መስመር ነጭ ቀለም መቀባት ብልህነት ነው። አቧራም ቀላል ነገር አይደለም። የሆላንድ አምራቾች አንድ ከመቶ ብርሃን ማጣት አንድ ከመቶ ምርት እንደ ማጣት ይቆጥሩታል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአፈር መንገድ ዳር የቆመ ጣራ ካልታጠበ የሚያጣው ከዚያ ይበዛል።

መስተዋት ከሠላሳ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ነገር ግን 4 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ስለሚመዝን አጽሙም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ለወገራ በረዶም አይመችም። ፖሊካርቦኔት የተባለው ጠንካራ ሽፋን ብዙ ጊዜ የ10 ዓመት ዋስትና አለው፤ ውርጭ ባለበት ደጋ ለችግኝ ቤት መልካም ሊሆን ይችላል። ለሰፊ የቲማቲም ቤት ግን ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

መሠረቱን በሚመለከት ከአዘዞ ወደ ደንቢያ የሚወርደው ጥቁር ዋልካ መሬት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በጥልቀት ሳይሠራ የተተከለ ቋሚ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይነሣና ያዘነብላል፤ ከቋሚውም ጋር አሸንዳው ተዳፋቱን ይስታል። አሸንዳው ተዳፋቱን ከሳተ ውሃው በተያያዙት ቤቶች መካከል ይተኛል፤ ላስቲኩም ከረጢት ሆኖ ይቀደዳል። ስለዚህ የኮንክሪቱ እግር መሬቱ ከሚሰነጠቅበት ጥልቀት በታች ማረፍ አለበት። ይህም በበጋ ወራት ስንጥቁ ውስጥ ዘንግ ሰዶ በመለካት ሊገመት የሚችል ነገር ነው። በከተማው ዙሪያ ባሉት ድንጋያማ ጉብታዎች የሚሠራ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ በምትኩ ነፋሱ ይጠብቀዋል። በነፋስ ጊዜ ቤቱን የሚያነሣው ከታች የሚገባው አየር ስለ ሆነ የግድግዳው መጠቅለያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚዘጋ መሆን ይገባዋል።

አሸንዳው ከተነሣ ዘንድ ስለ ውሃው መናገር ያስፈልጋል። የጎንደር የውሃ እጥረት ለማንም አዲስ አይደለም፤ ከተማዋን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብም በደለል ብዙ ተጎድቷል። በ1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,100 ሜትር ኩብ፣ ማለት 1.1 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ከዚህ ሦስት አራተኛው ቢጠራቀም፣ በቀን በካሬ ሜትር 4 ሊትር በጠብታ ለሚጠጣ አትክልት 200 ቀን ያህል ይበቃል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ጉድጓድ ቆፍሮ ላስቲክ ማንጠፍ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ሆኖም ቤቱ ሲገዛ አሸንዳው በሰፊው ካልታሰበ በኋላ መጨመሩ እጅግ ያስቸግራል። አሸንዳው የሌለበትን ርካሽ ቤት የገዛ ሰው ውሃውን በነፃ አፍስሶ በቦቴ ሲገዛ ይኖራል።

ገቢው ከቲማቲም ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ የዕዳው የመጀመሪያ ዓመት ይከብዳል። ለፎገራና ለደንቢያ መስኖ ገበሬዎች የቲማቲም፣ የቃርያና የጥቅል ጎመን ችግኝ በሳሕን እያፈሉ መሸጥ በጥቂት ሳምንታት ገንዘብ የሚመልስ ሥራ ነው፤ የሚይዘውም ስፍራ አነስተኛ ነው። ድንች በሚበቅልባቸው በዳባትና በደባርቅ ወረዳዎች ደግሞ ከበሽታ የጸዳ የዘር ድንች በመረብ ቤት ማራባት ይቻላል። ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ይማርካል፤ ነገር ግን ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለተቆረጠ አበባ ረጅም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሰላምን የሚመለከተው ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር አካባቢ በተነሣው ሁከት ኤስመራልዳ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የአበባ እርሻ ተቃጥሎ፣ ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ያፈሰሰበት ሥራ እንደ ወደመበት አስታውቋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ ወረዳዎች ደርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ጊዜ መንገድ ዘግቷል። ተራው የእሳትና የበረዶ መድን ሁከትንና ጦርነትን ብዙ ጊዜ አያካትትም፤ በተለይ ካልተጻፈ በቀር ነጋዴው ተሸፍኛለሁ ብሎ ማመን የለበትም። በብሎን የተገጠመ ቤት እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው። ሊፈታ፣ ሊጫንና በሌላ ስፍራ ሊቆም ይችላል፤ የተበየደው ግን በመጋዝ ካልሆነ አይነሣም፤ ሲነሣም የሚሸጠው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። ባንኮችም በመያዣነት ሲገምቱት ይህን ልዩነት ማየት ይገባቸዋል።

ቤቱን ሠርቶ ለሌላ አምራች ማከራየትም የተፈተነ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ በዝዋይ ሥራ የጀመረው ሼር ኢትዮጵያ የተስፋፋው ግሪንሃውስ እየገነባ ለሌሎች ጽጌረዳ አብቃዮች በማከራየት ጭምር ነበር። የሱቅ ቤት አከራይቶ መኖርን ጠንቅቆ ለሚያውቀው የጎንደር ነጋዴ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንም። ከግብርና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ዕውቀቱ ኖሯቸው ጣራው የላቸውም፤ ነጋዴው ደግሞ ጣራውን ሊያቆም እየቻለ ተክሉን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። በኪራይ ውሉ ላስቲኩን የሚያድሰው ማን እንደ ሆነ፣ ድኝ የሚረጭ ተከራይም የሚያሳጥረውን ዕድሜ እንዴት እንደሚተካ ከተጻፈ ጠቡ ይቀንሳል።

ቀኑን በሚመለከት፣ በሐምሌ ማብቂያና በነሐሴ ለሚለቀም ቲማቲም ችግኙ በመጋቢት ማብቂያ ፈልቶ በሚያዝያ ማብቂያ ወደ ቤቱ መዛወር አለበት። እንግዲህ ላስቲኩ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት፣ ነፋስ በሌለበት በማለዳ መልበስ ይኖርበታል። ኮንክሪቱ በዋልካ መሬት ላይ ከኅዳር በፊት አይቆፈርም፤ ብረቱም ከጅቡቲ በጥር ጎንደር እንዲደርስ ትእዛዙ ከክረምቱ መውጣት በፊት መላክ አለበት። ለሚመጣው ዓመት ያሰበ ነጋዴ ካሊፐሩንና የቅመም ሚዛኑን ይዞ ናሙና መጠየቅ የሚገባው በሰኔ ነው።